ከፖም እንጨት የተጠረበው የራስ ቅል

የምስክር ስም፦ ዊብራንት ያኮብስ
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ እንጨት ጠራቢ
አድራሻ፦ ሃርለም ከተማ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ሰኔ 12 ቀን 1652፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት

ሊቨን ኮርኔሊስ የተባለው መዳብ ቀራጭ መቃብር ቆፍሮ የሰው የራስ ቅል ወስዷል ተብሎ ስለቀረበበት ክስ የማውቀውን እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

ሊቨን ጎረቤቴ ነው። የጠፋ ሻማ፣ የአሸዋ ሰዓትና የራስ ቅል ያለበትን፣ የዓለምን ከንቱነት የሚያሳስብ ሥዕል በመዳብ ላይ ቀርጾ፣ በወረቀት እያተመ ይሸጣል። ከሁለት ዓመት በፊት ሚስቱ በወረርሽኝ ሞተችበት። ከዚያ ወዲህ ከሐኪም የተዋሰውን እውነተኛ ቅል ፊቱ ባስቀመጠ ቁጥር መሥራት አቃተው። እኔ ዘንድ መጥቶ «ጋሽ ዊብራንት፣ እባክዎ ቅል ይጥረቡልኝ፤ ማንም ያልሞተበት ቅል» አለኝ። ግቢዬ ውስጥ ከወደቀው የፖም ዛፍ በሦስት ሳምንት ጠርቤ ሰጠሁት። እሱም አጥንት እንዲመስል በሰምና በጥላሸት አሸው።

ትናንት ሰኔ 11 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ መበለቷ ማህተልድ በሊቨን መስኮት በኩል ስታልፍ ቅሉን አየች። የባሏ የኤቨርት መቃብር በዚያው ሳምንት ሌላ ሰው ሊቀበርበት ተከፍቶ ስለነበር ልቧ አላረፈም ነበር። «ኤቨርትን! ኤቨርትዬን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ጎለተው!» ብላ ጮኸች። ሰው ተሰበሰበ፤ ዘበኞች ሊቨንን ያዙት።

ጩኸቱን ሰምቼ ደረስኩና ቅሉን አንስቼ «ማህተልድ፣ ያዢው፤ እንጨት ነው» አልኳት። መጀመሪያ እምቢ አለች። በኋላ ተቀብላ ገለበጠችው፤ አሸተተችው፤ ከሥሩ የእንጨቱን አንጓ አየች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋም «እኔስ ምን ነካኝ? ኤቨርት የፊት ጥርስ አልነበረውም እኮ!» አለች። ዘበኛው ሳቁ አመለጠው፤ እሷም ሳቀች፤ ሊቨንም። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ዘበኞቹ ሊቨንን ለቀቁት፤ ክሱ ግን በመዝገብ ስለሰፈረ ቃሌን እንድሰጥ ታዘዝኩ። ማህተልድ «ካልተቀየምከኝ ሥዕሉን አንድ ስጠኝ» ብትለው፣ ሊቨን «እትዬ፣ እስከ ማታ ታገሽኝ» አላት። ከሰዓት በኋላ መዳቡን ፍቆ የቅሉን ሁለት የፊት ጥርሶች አጠፋና አንድ ወረቀት ብቻ አተመላት። ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ፤ ከአልጋዋ ፊት ለፊት ተሰቅሏል።

ቃሌ ተነብቦልኝ፣ ያልኩት ሳይጎድልና ሳይጨመር መጻፉን፣ በዓይኔ ያየሁትና በእጄ የሠራሁት እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ምስክር፦ ዊብራንት ያኮብስ (ፊርማ)
ክሷን ያነሳች፦ ማህተልድ፣ የኤቨርት መበለት (መጻፍ ስለማትችል የመስቀል ምልክት አድርጋለች)
ቃል ተቀባይ፦ የከተማው ዳኛ ጸሐፊ (ፊርማ)