የማይተኛው ካርድ

ደሴ፣ የአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ጥገና ክፍል፣ ረፋድ ላይ፦ አርክቴክቷ ፈትለወርቅ አምና በተፋታችው ባሏ በቴክኒሻኑ በልዑልሰገድ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን አስቀምጣ ቆማለች።

ፈትለወርቅ፦ አልቀመጥም አልኩህ! ይኼን የጫንክብኝን ነገር ነቅለህ ስጠኝ።

ልዑልሰገድ፦ ምኑን? በዊንዶውስ ፋንታ የጫንኩልሽን ሊኑክስ? ይኼን ሁሉ ጊዜ ሠርተሽበት ዛሬ ነው የጠላሽው?

ፈትለወርቅ፦ ትናንት ማዘጋጃ ቤት ኮሚቴው ፊት የመናኸሪያውን ንድፍ እያሳየሁ መብራት ጠፋ። ባትሪ አለኝ ብዬ ኮራ ብዬ ቀጠልኩ። ጣሪያው ጋ ሳልደርስ ድርግም! አንዱማ ሳቀ።

ልዑልሰገድ፦ ባትሪው አርጅቶ ይሆናላ።

ፈትለወርቅ፦ ባለፈው ወር የተገዛ ባትሪ? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! በስንት ልመና ዛሬ ከሰዓት ደግመው ቀጥረውኛል። እዚህ ከተማ ይኼን ሲስተም የሚያውቅ ሌላ ሰው ባገኝ ደጅህን ባልረገጥኩ።

ልዑልሰገድ፦ ከረገጥሽ አይቀር ዝም በይና ልየው። ፋኑ ሁልጊዜ እንዲህ ይጮኻል?

ፈትለወርቅ፦ ምንም ሳልከፍት ይጮኻል። እንዳንተ፣ ምክንያት አይፈልግም።

ልዑልሰገድ፦ ስድቡን ተይውና ወዲህ ተመልከቺ። ማሽኑ ስክሪኑ ላይ ምስል የሚያወጡ ሁለት ግራፊክስ ካርዶች አሉት። ትንሹ የዘወትሩን ሥራ ይሠራል። ትልቁ ግን ሥራ ሲከብድ ብቻ ነቅቶ፣ ሲያልቅ መተኛት አለበት። አሁን ምንም ሳትሠሪ ነቅቶ ባትሪሽን ይግጣል።

ፈትለወርቅ፦ ለምን አይተኛም?

ልዑልሰገድ፦ ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ይሆናል። ከካርዱ ፋብሪካ የመጣ አይደለም፤ በጎ ፈቃደኞች የሚጽፉት ነፃ ድራይቨር ነው።

ፈትለወርቅ፦ ስትጭነው «ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የሚደብቀው ነገር የለም» እያልክ ስትምልበት አልነበር?

ልዑልሰገድ፦ አሁንም እምላለሁ! ቆይ... ድራይቨሩማ ሥራውን እየሠራ ነው። አየሽ? አስተኛው። ወዲያው ነቃ። ደግሞ አስተኛው... ነቃ። የሆነ ነገር እየቀሰቀሰው ነው።

ፈትለወርቅ፦ ምን?

ልዑልሰገድ፦ አንቺም እኮ ታበዢበታለሽ። እሑድ ቀኑን ሙሉ እንደ ምድጃ ሲግል አልዋለም?

ፈትለወርቅ፦ እሑድ?

ልዑልሰገድ፦ ማለቴ... ሰሞኑን።

ፈትለወርቅ፦ እሑድ በሬን ዘግቼ ብቻዬን ነበርኩ። ላፕቶፔ መጋሉን ማን ነገረህ? ግድግዳው?

ልዑልሰገድ፦ ገምቼ ነው።

ፈትለወርቅ፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ልዑልሰገድ። ካርዱን የሚቀሰቅሰው ማነው? ስሙን አንብብልኝ።

ልዑልሰገድ፦ ገና እየፈለግኩ ነው።

ፈትለወርቅ፦ ወዲህ አዙረው። አዙረው አልኩህ! «ሙቀት ጠባቂ»። ለፕሮግራም አማርኛ ስም የሚያወጣ ካንተ ሌላ ማን አለ?

ልዑልሰገድ፦ ገና አብረን ሳለን የጻፍኩት ነው። እንዳይቃጠልብሽ ሙቀቱን ይለካል።

ፈትለወርቅ፦ ለክቶ ለማን ይናገራል?

ልዑልሰገድ፦ ...ወደ ስልኬ ይልካል።

ፈትለወርቅ፦ ዛሬም?

ልዑልሰገድ፦ ማጥፋቱን ረስቼው ነው።

ፈትለወርቅ፦ እሑድን ግን አልረሳህም። ካርዱ ዓይኑን ሊከድን ሲል ያንተ ዘበኛ «ተኝተሃል ወይ?» እያለ ይቀሰቅሰዋል፤ እኔ ደግሞ መብራቱን ስረግም አድራለሁ!

ልዑልሰገድ፦ ለክፋት አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

ፈትለወርቅ፦ የጠረጠረስ ምን ተረፈው? ስከፍት ታውቃለህ፣ ስዘጋ ታውቃለህ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! አጥፋው። ከስልክህም አጥፋው፣ እያየሁ።

ልዑልሰገድ፦ እሺ። ይኸው... ከዚህም ጠፋ። ስሚ፣ ፋኑ ዝም አለ። ካርዱ ተኛ። አሁን ባትሪሽ ስብሰባውን ይጨርስልሻል። ከፈለግሽ ከሰዓት መጥቼ አጠገብሽ ልቀመጥ፤ ድንገት አንድ ነገር ቢፈጠር...

ፈትለወርቅ፦ የዚህ ማሽን ዋናው ፓስወርድ ማን ጋ ነው?

ልዑልሰገድ፦ እኔ ጋ። ላንቺ ምን ያደርግልሻል? ነካክተሽ ታበላሺዋለሽ።

ፈትለወርቅ፦ መቀየሪያውን ክፈትልኝ።

ልዑልሰገድ፦ ፈትሌ፣ ነገ ሲበላሽ ማን ጋ ልትሄጂ ነው?

ፈትለወርቅ፦ ፈትለወርቅ በለኝ። ከፈትከው?

ልዑልሰገድ፦ ተከፍቷል። አዲሱን ጻፊ።

ፈትለወርቅ፦ ፊትህን አዙር።