ጋሽ ተፈራ ያሸነፉ ጊዜ

ጄኔቫ ውስጥ ወደ ቶኔ በሚሄደው ትራም፣ ከኋላዬ አንዲት ጠና ያለች ሴትና አንድ ወጣት በአማርኛ ያወራሉ። ልጁ ካዚኖ፣ ማለት ቁማር ቤት ውስጥ አስተናጋጅ መሆኑ ከወሬያቸው ገባኝ።

«ባሌን፣ ጋሽ ተፈራን እዚያ ታየዋለህ አይደል?»

«አያቸዋለሁ፣ እትዬ።»

«ትናንት አሸነፍኩ ብሎ የወርቅ አምባር ይዞልኝ መጣ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ?»

«ይፍሩ።»

«እሱ ካሸነፈ የከሰረው ካዚኖው አይደለም እንዴ?»

«አይከስርም። ሩሌት የሚሉት የሚሽከረከረው የቁማር ጎማ ላይ ዜሮ የምትባል ቁጥር አለች፤ እሷ ስትወጣ የአብዛኛው ሰው ገንዘብ ለካዚኖው ይገባል። በአንድ ቀን ላያስታውቅ ይችላል። ሰው እየተመላለሰ ከተጫወተ ግን ያሸነፈውንም የራሱንም እዚያው ትቶ ነው የሚሄደው።»

«የተሸነፈስ አይመለስም?»

«አንዳንዱ ተናዶ ይቀራል። ያሸነፈ ሲቀር ግን አላየሁም።»



«እንዳይገባ ማድረግ አይቻልም?»

«ቤተሰብ ለካዚኖው ካመለከተ ያጣራሉ። ካገዷቸው በር ላይ መታወቂያቸው ሲታይ ይመልሷቸዋል።»

«እኔ እንዳመለከትኩ ያውቃል?»

«መጠርጠራቸው አይቀርም።»

«ካወቀ ቤቱን ጥሎልኝ ይሄዳል።»

«አሁን የት ናቸው?»

«የሐኪም ቀጠሮ አለኝ ብሎ ወጣ።»



«እትዬ፣ አሁን ከሥራ ስወጣ እሳቸው ወደ ካዚኖው እየገቡ ነበር።»

«ወደዚያ የሚመልሰው ትራም ከየት ነው የሚያዘው?»

«እዚሁ ወርደው ማዶ ይሻገሩ። ልሸኝዎት?»

«ተወኝ፣ ብቻዬን ልሂድ።»

ወርዳ ማዶ ተሻግራ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ስትቆም በመስኮቱ እያየኋት፣ እኔም እዚያው መውረድ ነበረብኝና ፌርማታዬ አለፈኝ።