ጋሽ ደርሶ መልስ ጎማ ሲመርጡ

ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያደረው ዝናብ ረፋድ ላይ ጋብ ሲል፣ ጋሽ ደርሶ መልስ አሮጌ ፒክአፓቸውን ወደ ጎሚስታው በር አስጠጉ። ይህን ቅጽል ያወጡላቸው ተሳፋሪዎቻቸው ናቸው፤ በዚያ የተራራ መንገድ ስንቱ ሲቀር እሳቸው ሁልጊዜ ሄደው ይመለሳሉና። በዚያን ቀን ግን ስሙ ራሱ ሊያስፈራቸው ጀምሮ ነበር። ሴት ልጃቸው የበኩር ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች። የምትኖረው ተራራው አናት ላይ፣ ሐኪም ቤቱ ደግሞ እታች ከተማው ውስጥ። በማግሥቱ ወጥተው ይዘዋት ሊወርዱ ቃል ገብተዋል።

ልጆቼ፣ ሰው የሚፈራውን ነገር ሁልጊዜ አይናገርም። ባለፈው ሳምንት ባዶ መኪና ይዘው ሲወርዱ፣ ኩርባው ላይ ፍሬን ነካ ቢያደርጉ የኋላው ሸርተት አለና መኪናው ወደ ገደሉ ዞረ። በመስኮቱ የታያቸው ሰማይ ብቻ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። እንቅልፍ ሲወስዳቸው ግን እግራቸው ፍሬን ይረግጣል፤ ባለቤታቸውም «አንተ ሰውዬ፣ አጥንቴን ጨረስከው እኮ!» እያሉ ይነቃሉ።

ጎሚስታው ስለቱን እሳት ላይ ያግላል። በዚያ ከተማ ጥርሱ ያለቀ ጎማ አይጣልም፤ በጋለ ስለት አዲስ መስመር ይቀረጽበትና ደግሞ እንደገና ይነዳል። ሁሉም እንዲያ ነበር የሚያደርገው።

«እንዴ፣ ጋሼ! እንደምን አደሩ?»

ዞር ቢሉ የወንድማቸው ልጅ ናት። ኮሌጅ ገብታ የመኪና ሙያ ተምራ፣ አሁን እዚያው ታስተምራለች። ለተማሪዎቿ ማሳያ የሚሆን የተጣለ ጎማ ልትለምን ነበር የመጣችው።

«ደህና ነኝ የኔ ልጅ። እነዚህን የኋላዎቹን ላስቀርጽ ብዬ ነው። ነገ እህትሽን ላመጣት ነው።»

ልጅቷ ቁጢጥ ብላ ጎማውን ዳሰሰችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ የተጣለ ጎማ ፍለጋ ነበር የወጣሁት። ከዚህ የባሰ አላገኝም።»

ጎሚስታው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«አንቺ ሳትወለጂ ነው መሪ የጨበጥኩት። መኪና የሚይዘው እጅ ነው።»

«እጅዎን መች አማሁት? ግን እጅዎ መሬት አይነካም።» መዳፏን ዘረጋች። «አንድ ጎማ መሬት የሚነካው ይችን ታህል ነው። እህቴና ልጇ ነገ የሚወርዱት በአራት መዳፍ ላይ ነው ማለት ነው።»

ጋሽ ደርሶ መልስ መዳፏን አይተው ዓይናቸውን ቶሎ አሸሹ።

«ቅርጹ እኮ ውሃውን ያስወጣዋል፣» አለ ጎሚስታው።

«ልክ ነህ፣ ውሃ የሚወጣው በመስመሩ ነው። መስመሩን ግን ከየት አመጣኸው? ከገዛ ገላው ቆርጠህ! ጋሼ፣ ጣትዎን ይስጡኝ እስኪ።» አምና በተቀረጸው መስመር ውስጥ ጣታቸውን አስገባች። የሚቆረቁር ነገር አገኙ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሽቦው ነው፤ የጎማው አጥንት። ከሱ ወዲያ ያለው አየር ብቻ ነው።»

ጣታቸውን እሳት እንደነካው ሰው መነጠቁ።

«እንግዲያው ያንን አውርድልኝ፣» አሉ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ባለ ትልልቅ ጥርስ ጎማ እያሳዩ። «የትራክተር የሚመስለውን። ጭቃውን ይበላዋል።»

«ጭቃውንስ ይበላዋል። ጥርሱ የተራራቀ ስለሆነ ግን እርጥብ አስፋልት ላይ ጨብጦ አይዝም። የእርስዎ መንገድ ግማሹ ጭቃና ኮረኮንች፣ ግማሹ አስፋልት ነው። ገደል ያለበት ኩርባ ከሁለቱ የቱ ላይ ነው?»

«አስፋልቱ ላይ፣» አሉ።

«እንግዲያው ለሁሉም መንገድ የተሠራውን ይውሰዱ።» ጎሚስታው አንዱን አውርዶ አቀረበላቸው። «ይኸውልዎ፣ ጥርሱ ለጭቃ የሚበቃ ጥልቀት አለው፤ ተጠጋግቶ ስለተሠራም አስፋልቱን አይለቅም። እነዚህ ቀጫጭን ስንጥቆች እርጥቡን መንገድ ቆንጥጠው የሚይዙ ናቸው። ጭነት የሚችል መሆኑን ይጠይቁ። ጎኑ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል፤ መደርደሪያ ላይ ያረጀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ደርቋል።»

ጎሚስታው ይህን ሲሰማ፣ ያቀረበውን ጎማ ቀስ ብሎ በእግሩ ገፋና ከጓዳ ሌላ አወጣ።

«ሁለት አዲስ ይበቃኛል፤ ከፊት እሰርልኝ፤ መሪው ፊት ነው፣» አሉ ጋሽ ደርሶ መልስ።

«ሁሉም ሾፌር እንዲያ ይላል። የፊቱ ቢንሸራተት ፍጥነት ሲቀንሱ ይመለስልዎታል። የኋላው ሲከዳ ግን መኪናው ይዞራል። አራቱም ይቀየሩ ጋሼ።»

ሰውየው ዝናብ የጠገበውን ተራራ አዩት።

«ዞሮብኛል፣» አሉ ቀስ ብለው። «ባለፈው ሳምንት። ሰማይ ብቻ ነው ያየሁት።»

ጎሚስታው የጋለውን ስለት ውሃ ውስጥ ነከረውና ክሪኩን አነሳ።

በማግሥቱ ልጃቸውን ጋቢና አስቀምጠው ሲወርዱ ዝናቡ አልተዋቸውም። ጎማው አዲስ ነው ብለው አልደፈሩም፤ በከባድ ማርሽ እያዘገሙ፣ በጆሯቸው ጭምር ነበር የሚነዱት። ኩርባውን እንደታጠፉ ከዳገቱ የተናደ ቋጥኝ የመንገዱን ግማሽ ዘግቶ ጠበቃቸው። ፍሬን ያዙ። ያ ሸርተት የሚለው ነገር እስኪመጣ ጠበቁ። አልመጣም። መኪናው ሳይዞር ቀጥ ብሎ ሄዶ ቋጥኙ ሥር ሲደርስ ቆመ።

«አባዬ፣ ለምን ቆምክ?» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ድንጋይ አለ። ዞሬ አልፈዋለሁ፤ ተኚ፣» አሉ። ማርሽ እስኪያስገቡ ግን ጥቂት ቆዩ።

ልጆቼ፣ የተቀረጸ ጎማ መልክ ይኖረው እንደሆነ እንጂ አቅም የለውም። ለመንገዳችሁ የሚስማማውን ምረጡ፤ አራቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፤ ከዚያም አዲስ ነው ብላችሁ አትብረሩ። እንዲህ ያደረገ ሰው በጭቃ አይቀርም፣ በዝናብ አይዞርም፣ አምኖ የተሳፈረውንም ሰው ከቤቱ ያደርሳል።

ከጥቂት ቀን በኋላ መናኸሪያ ላይ ሾፌሮቹ አዲሶቹን ጎማዎች ከበው አዩ። ጋሽ ደርሶ መልስም ጥርሱንና ቁጥሩን እያሳዩ፣ ከወንድማቸው ልጅ የሰሙትን አንድ በአንድ ነገሯቸው።

«ምነው፣ በስተርጅና ፈራህ እንዴ?» አለ አንዱ እየሳቀ።

«አዎ፣ ፈራሁ፣» አሉ። «ፈርቼ ነው አያት የሆንኩት።»