መምህሩ ለራሳቸው ስብከት አሜን ያሉ ዕለት

በኛ ጊዜ ሽማግሌ ሆኖ መላክ ቀልድ አልነበረም። በኛ ጊዜ ስላችሁ ደግሞ የጥንት የጠዋቱን እንዳይመስላችሁ፣ ካዛንችስ ሳይፈርስ ነው፣ በቃ ትናንት ማለት ነው።

ታዲያ ጎረቤታችን መምህር አስራት ሰባኪ ናቸው፣ ቤታቸውም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው፣ እና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ፣ ያ ሞንታርቦ፣ ድምፁን ቀጥታ ማድ ቤታቸው ነው የሚያስገባው። ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ሽንኩርት እየከተፉ ስብከቱን አንድ ሳያስቀሩ ይሰማሉ። እኛስ ብንሆን፣ ማን ይቀርለታል! አቤት ሲሰብኩ! «ምእመናን! የልጅህን ባል በኪሱ አትመዝነው፣ በልቡ መዝነው! አሜን በሉ!» ሲሉ፣ አልጋው ላይ የተኛው ሁሉ «አሜን!» ነው።

ታዲያላችሁ፣ የእህቴ ልጅ ዳዊት፣ ከላንቻ የሚጭን የታክሲ ሹፌር ነው፣ የመምህሩን ትልቋን ልጅ፣ ሜሮንን ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። «ጋሼ፣ ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ፣ እሷን ካጣሁ አበድኩ» አለኝ። እና እኔና ጓደኛዬ ተፈራ ነጠላችንን አጣፍተን ሄድን።

«ግቡ፣ አረፍ በሉ» አሉ መምህር።

«ጉዳያችን ሳያልቅማ አንቀመጥም» አልን። ወጉ ነዋ! እንደቆምን «ልጅዎን ለልጃችን» አልኳቸው።

«ልጁ ምን ይሠራል?»

«ሹፌር ነው።»

«የምን? የኤምባሲ?»

«ኧረ የታክሲ።»

ወይ ጉድ! ፊታቸው እንዴት እንደጠቆረ ብታዩ! «እኔ ልጄን ዩኒቨርሲቲ አስተምሬ፣ ባንክ ቤት አስገብቼ፣ ለታክሲ ሹፌር? ሌላ ጉዳይ ካላችሁ ንገሩኝ!» ከጓዳ ሜሮን ስታለቅስ ሰማኋት፣ አንጀቴን በላችው። እኔ ደግሞ ስናደድ ሳቄ ነው የሚመጣው፣ ታውቁኝ የለ?

ይኼኔ እትዬ ዘነቡ ማማሰያቸውን እንደ ማይክ ጨብጠው ብቅ አይሉም መሰላችሁ! ልክ እንደ ባላቸው አንገታቸውን ዘንበል፣ ድምፃቸውን ወፈር አድርገው፣ «ምእመናን! የልጅህን ባል በኪሱ አትመዝነው፣ በልቡ መዝነው! አሜን በሉ!»

«አሜን!» አልን እኔና ተፈራ። ልማድ ነው፣ ምን እናድርግ! ግን እናንተ፣ መምህሩም እኮ! እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «አሜን!» ከሁላችንም አስበልጠው!

ተፈራ ጊዜ አላጠፋም፣ ወንበሩ ላይ ዘጭ! «ተመስገን! አባት አሜን ብለዋል፣ ጉዳያችን አልቋል!» እኔም ዘጭ!

«ቆይ፣ ቆይ! ያንን ያልኩት እኮ ለምእመናን ነው!»

«እርስዎስ መምህር፣ ምእመን አይደሉም እንዴ?» አላቸው ተፈራ።

መምህሩ ሚስታቸውን አዩ፣ ማማሰያውን አዩ፣ የልጃቸውን ለቅሶ ሰሙ፣ እና ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ጀመር፣ እንባቸው እስኪወርድ! «በገዛ ስብከቴ ተያዝኩ! እሺ፣ ጥሯት እስቲ!» ሜሮን ወጥታ ጉልበታቸውን ስትስም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ እኔም አለቀስኩ። ደስ ሲል!

«ታዲያ ጋሼ፣ ከዚያ ወዲህ መምህሩ ስለ ጋብቻ ሰብከው ያውቃሉ?» ትሉኝ ይሆናል።

ምን በወጣቸው! አሁን ጾም፣ ጾም፣ ጾም ብቻ ነው። ገና ሁለት ሴት ልጆች ቤት አሏቸው፣ እትዬ ዘነቡም ማማሰያቸውን አልጣሉም!