የተሸሸጉት ላሞች

በመቶ ከብታቸው «ባለመቶው» የሚል ቅጽል የወጣላቸው ሽማግሌ ከብት አርቢ፣ ከመኖ መሸጫው ደጃፍ ላይ ከወጣቷ የከብት ሐኪም ጋር ድንገት ተገጣጠሙ። በብብታቸው ግማሽ ጆንያ ፉርሽካ ይዘዋል። ድሮ በጭነት መኪና መኖ ያስጭኑ የነበሩ ሰው ጆንያዋን ካፖርታቸው ውስጥ ሊሸጉጡ ሞከሩ፤ ጆንያ ግን እንዲህ በዋዛ አይሸጎጥምና አፈሩ።

ሐኪሟ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ከሰጠች በኋላ፣ ድርቁ ከብት ለፈጀባቸው አርቢዎች መንግሥት ስለሚከፍለው የአስቸኳይ ጊዜ ድጎማ አነሳችላቸው። ምዝገባው ነገ ያበቃል። በየበረቱ ዞራ ስትጠይቅ ብትሰነብትም፣ የእሳቸው ሰፈር አርቢዎች በአንድ አፍ «ደህና ነን» ብለው መልሰዋታል።

«እርስዎስ አባባ፣ አልሞተብዎትም?»

«ከብቶቼ ሩቅ ግጦሽ ሄደዋል» አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ።

ውሸታቸውን ነበር። በዚያ ሰፈር ከብት የሞተበት ሰው አያያዝ አያውቅም ተብሎ ይታማል። ስለዚህ ሽማግሌው የሞቱትን ጎህ ሳይቀድ በበቅሎ እያስጎተቱ፣ ከኮረብታው ጀርባ ካለው ደረቅ ሸለቆ ወስደው ድንጋይ ሲከምሩባቸው ከርመዋል። ከተረፉት ጥቂት ላሞች አንዷን «ግንባሯ» ይሏታል። ሟች ባለቤታቸው በጡጦ ያሳደገቻት ናት፤ ዛሬ ጠዋት ደግፈው ነው ያስነሷት። እሷም ከሄደች ቤቱ ውስጥ የባለቤታቸው እጅ የነካው ነፍስ ያለው ነገር አይቀርም።

ሐኪሟ የበቅሎዋን ገመድ ሰንበር በመዳፋቸው ላይ አይታ ነገሩ ገባት። የሞቱትን ካላየች ድጎማውን ማስከፈል እንደማትችል ነገረቻቸው።

«ያኖሩኝን ላሞች ሬሳ አሳይቼ ልለምን፣ ልጄ?»

«ልመና አይደለም አባባ። ዕድሜዎን ሙሉ በየገበያው ግብር ከፍለዋል፤ የሚመለስልዎ ከዚያው ነው። ዝናቡንም እርስዎ አልከለከሉትም።»

«ይህን ለሰው ወሬ ንገሪው።»

ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«አባቴም የሞቱበትን ሸሸገ። ደህና አድርጎ ስለሸሸገ ከብት እንደሞተበት የሚመሰክርለት ጠፋ። የተረፉትም በረሃብ አለቁና ከተማ ገብቶ የሰው መጋዘን ሲጠብቅ ሞተ። እስኪሞት ድረስ በእንቅልፍ ልቡ ላሞቹን በስማቸው ይጠራ ነበር።»

ሽማግሌው ጆንያዋን መሬት አስቀመጡ። ኩራት ሰውን ቀጥ አድርጎ ያቆማል ይባል ይሆናል፤ ለላም ግን ድርቆሽ አይሆናትም። ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁት ነበር፣ የሚያሳዝነውም እሱ ነው።

ሐኪሟን አስከትለው ሸለቆው ሲደርሱ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው እያነሱ የእያንዳንዷን ስም ጠሩላት። ሲጨርሱ ግን ሐኪሟ ራቅ ብሎ ያለ ሌላ ክምር አሳየቻቸው። እሱን እሳቸው አልከመሩትም፤ በጨለማ ስለሚመጡም አይተውት አያውቁም። ከዚያም ወዲያ ሌላ ነበር። ከአንዱ ስር የጎረቤታቸው የቃጭል ማንጠልጠያ ብቅ ብሏል። ያ ጎረቤት ትናንት በአጥር ላይ «እኔስ አንድም አልጎደለብኝ» ብሏቸው ቅናት ሲያንገበግባቸው ነው ያደረው። ባለመቶው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

በዚያው ዕለት በየደጁ ሄደው የራሳቸው ከብቶች መሞታቸውን አስቀድመው ተናገሩ። የሰፈሩ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተከተላቸው፤ በማግስቱ ሁሉም ተመዘገበ። ድጎማው መጣ፤ ገንዘባቸውን አዋጥተው ድርቆሽ በጭነት መኪና አስመጡ፤ ስንት የተንገዳገደ ከብት በእግሩ ቆመ። ሐኪም በግልጽ የሚጠራበት፣ ያጣ ጎረቤት የሚጠየቅበት ሰፈር ሆነ።

ግንባሯ ግን ድርቆሹ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ሞተች። የሸሸጉበት ቀን ሁሉ ከእሷ ዕድሜ ተቀንሶ ነበር። ሽማግሌው በበቅሎ አላስጎተቷትም። በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ፤ እነሱም እያንዳንዳቸው ድንጋይ ይዘው መጡ። ባለመቶው ላማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያያቸው ቀበሩ።