የተፋቀው ስም

ወይዘሮ እንዳለች ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ታክሲ ሲጠብቁ፣ ፖሊስ ባለፈ ቁጥር ብብታቸው ሥር የያዙትን ጥቅል በነጠላቸው ይሸፍኑ ነበር። ጥቅሉ ውስጥ ሟቹ አማታቸው አለቃ ገብረየሱስ የተዉት፣ በእንጨት ላይ የተሳለ የእመቤታችን ሥዕል አለ። የጌጃ ሰፈር ቤታቸው ሊፈርስ ነው ከተባለ ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል። ዕቃ ሲወጣ ሥዕሉ ይታያል፤ ከታየ ከየት አመጣችሁት ይባላል፤ ከዚያ በኋላ የሚታያቸው ልጆቻቸው በካቴና ታስረው ነው። ስለዚህ ተክለ ሃይማኖት ላለ አንድ ነጋዴ ሊሸጡት ተነሡ።

«እትዬ እንዳለች፣ ምን ይዘው ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላቸው ሰሙ። የጎረቤታቸው ልጅ ሠርካዲስ ናት፤ ቅርስ በሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ሊሸሹት የሚገባ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች።

«ሽሮ ነው።»

«ሽሮ አራት ማዕዘን ሆነ እንዴ?»

መዋሸት ያልለመዱት ሴትዮ ነገሩን ሁሉ ባንዴ አፈሰሱት። ነጋዴው ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ፋቂና አምጪው እንዳላቸው፣ ጠዋት በምላጭ እንደጀመሩት ነገሯት። ሠርካዲስ ወደ ልደታ ማርያም ቅጥር ወስዳ አስቀመጠቻቸውና ጥቅሉን ፈታች። ከጀርባው እንዲህ ይነበባል፦ «ይህ ሥዕል የቆላ አምባ ማርያም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል በአደራ የተቀበልሁ እኔ»፤ ከዚያ ወዲያ የተላጠ እንጨት ብቻ ነው።

«ከስሙ ነው የጀመሩት?»

«የቤታችን ስም እንዳይነሣ ብዬ ነዋ።»

ሠርካዲስ የተላጠውን እንጨት በጣቷ ዳሰሰች። «እትዬ፣ ይህ ጽሑፍ ምስክርዎ ነበር። አለቃ ሥዕሉን በአደራ እንጂ በስርቆት እንዳልያዙት የሚናገር ሌላ ምን አለ?»

ወይዘሮ እንዳለች ግን አልተረቱም። መንግሥት ይጠይቃል፣ ይመረምራል፤ ነጋዴው ቢያንስ ምንም አይጠይቅም ብለው ተከራከሩ።

«የማይጠይቀውማ ለዚሁ ነው» አለች ሠርካዲስ። «ከየት እንደመጣ ያልተጻፈለትን ሥዕል ማንም የኔ ነው ብሎ ድንበር ያሻግረዋል። ነገ ባሕር ማዶ ቢገኝ በምን ማስረጃ እናስመልሰዋለን?»

በዚህ መሐል ስልካቸው ጮኸ። ነጋዴው ነው። «ፋቅሽው?» አለ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

ወይዘሮ እንዳለች ስልኩን አጥብቀው ያዙ። «ስሜን ታውቀዋለህ?» አሉት።

«ስምሽ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ሳቀ።

ያ ሳቅ ፍርድ ቤቱም ፖሊሱም ያላስፈሯቸውን ያህል አስፈራቸው። ሥዕሉ ከእጃቸው ቢወጣ እሳቸውም ሥዕሉም እንዳልነበሩ እንደሚሆኑ ገባቸው። ስልኩን ዘጉ።

«ሄጄ ብናገር ቢያስሩኝስ?»

«አይጠይቁዎትም ብዬ አልዋሽዎትም። ደብቆ ከተያዘ ሰው ግን ራሱ አምጥቶ የተናገረ ይሻላል። እኔም አብሬዎት እገባለሁ።»

በመሥሪያ ቤቱ ሥዕሉ ከፊትም ከኋላም ፎቶ ተነሣ፣ ተለካ፤ የየትኛው ደብር እንደሆነና በማን እጅ እንደቆየ ተጻፈ። ከእንግዲህ ቢሰረቅ እንኳ መልኩና ታሪኩ ተመዝግቧልና ገዢ ሳላውቅ ገዛሁ ሊል አይችልም፤ ደብሩም ንብረቱን ሊጠይቅ ይችላል፤ የአለቃም አደራ ጠባቂነት እንደተጻፈ ይኖራል።

ቅጹ ሲሰጣቸው ወይዘሮ እንዳለች ብዕር ተቀበሉ። ፍርሃቱ አልለቀቃቸውም። ቢሆንም ጎንበስ ብለው ጻፉ፦ «አደራ ተቀባዩ አለቃ ገብረየሱስ ናቸው። ስማቸውን የፋቅሁት ምራታቸው እንዳለች ዋቅሹማ ነኝ።»