ፖለቲካ ፈተና ላይ ያመለጠኝ አሜን

ሆመቾ ከተማ፣ እኛ ቤት ሳይጸለይ እጅ ወደ ገበታ አይሄድም። በአብዮቱ ዘመን ስድስተኛ ክፍል የፖለቲካ ትምህርት ስንፈተንም እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ በልቤ ጸለይኩ፤ መጨረሻው ላይ ግን "አሜን" የሚለው አምልጦኝ ጮክ ብሎ ወጣ። ክፍሉ እንደ ጸሎት ቤት "አሜን" ብሎ ተቀበለኝ። ከኋላ ደግሞ የሙስሊሞቹ የነከድር "አሚን" ዘግይቶ ደረሰ።

መምህሩ መጥተው ወረቀቴን አነሱት። ከቀደዱት ክፍል መድገሜ ነው።

"ምን ብለሽ ነው የጸለይሽው?"

አንገቴን ደፍቼ፣ "ሃይማኖት ለምን እንደማይጠቅም ያጠናሁትን እንዳልረሳው ብዬ ነው፣ ቲቸር" አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው በሳቅ ሲርገፈገፍ አየሁ። ከዚያ ወረቀቴን መለሱልኝና ጎንበስ ብለው፣ "በይ ጻፊ። እግዜሩ ከረዳሽ ግን ለቀበሌው ካድሬ እንዳትነግሪብኝ" አሉኝ።